የቀጥታ ስርጭት ኢንኮደርን ከመምረጥ እስከ ማሠራት፦ ለአዳራሽ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለሠርግ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

በአዲስ አበባ አዳራሽ የሚካሄድን ሠርግ ወይም ጉባኤ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭና በዱባይ ያሉ ዘመዶች በዚያው ሰዓት እንዲከታተሉት ሲታቀድ፣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚታሰበው ካሜራው ነው፤ አብዛኛው ገንዘብ የሚወጣውም ለእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ምስሉ ጠርቶ ይድረስ ወይም እየተቆራረጠ ይቅር የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው፣ በካሜራውና በኢንተርኔቱ መካከል ተቀምጦ ምስልንና ድምፅን ወደ ኮድ የሚለውጠው ኢንኮደር ነው። ውድ ካሜራ በተሳሳተ መንገድ ከተዘጋጀ ኢንኮደር ጋር ሲገናኝ ውጤቱ ከተራ ስልክ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ መጠነኛ ካሜራ ግን በትክክል ከተዘጋጀ ኢንኮደር ጋር ሦስትና አራት ሰዓት ያለ እንከን ያስተላልፋል።

ይህ መመሪያ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ቅደም ተከተሉ ከተለመደው የተገለበጠ ሲሆን የሚጀምረው ከካሜራው ሳይሆን ከኢንተርኔት መስመሩ ነው። ምክንያቱም መስመሩ የሚሸከመው መጠን ሳይታወቅ የሚደረግ ማንኛውም ምርጫ ግምት ከመሆን አያልፍም።

ኢንኮደር ምን ይሠራል?

በተለምዶ 720ፒ የሚባለው ምስል ወደ ጎን 1280፣ ወደ ታች 720 ነጥቦች አሉት። ይህ ምስል በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲቀረጽና ሳይጨመቅ ሲላክ በእያንዳንዱ ሰከንድ 276 ሜጋ ቢት ያህል ይይዛል፤ 1920 በ1080 የሆነው ደግሞ 622 ሜጋ ቢት ይደርሳል። ይህን ያህል መረጃ ወደ ውጭ የሚልክ መስመር በአዳራሾች ውስጥ አይገኝም። ኢንኮደሩ 720ፒውን ምስል ወደ 2.5 ሜጋ ቢት ሲያወርደው ከ110 እጅ አንዱን ብቻ አስቀርቶ ቀሪውን ይጥለዋል ማለት ነው። ዓይን ያን ያህል ጉድለት የማያየው ኢንኮደሩ የሚጥለውን መርጦ ስለሚጥል ነው።

የመጀመሪያው ዘዴው ድግግሞሽን ማስወገድ ነው። ኪፍሬም የሚባለውን አንድ ፍሬም ሙሉ በሙሉ ከላከ በኋላ፣ ለሚከተሉት ፍሬሞች የተለወጠውን ብቻ ይልካል። ከተናጋሪው ጀርባ ያለው ግድግዳ ካልተንቀሳቀሰ በየፍሬሙ እንደገና መላክ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ዘዴ በአንዱ ፍሬም ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ምስሉን በትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍልና በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ዓይን እምብዛም የማይለየውን ረቂቅ ዝርዝር ይጥላል። ሦስተኛ፣ የሰው ዓይን ከቀለም ይልቅ የብርሃንን ልዩነት አጥርቶ ስለሚያይ፣ ቀለሙን ከብርሃኑ አንድ አራተኛ በሆነ ጥራት ብቻ ያስቀምጠዋል።

ከዚህ በመነሳት ኢንኮደርን የሚያስቸግረው ምን እንደሆነ መረዳት ይቻላል። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ በአንድነት ሲያሸበሽብ፣ ሻማ በብዛት ሲበራ፣ በሙሽሮች ላይ አብረቅራቂ ወረቀት ሲበተን፣ የወርቅ ጥልፍ ያለው ልብስ ሲንቀሳቀስ የማይለወጥ ነገር በምስሉ ውስጥ ስለማይኖር የሚላከው መረጃ በድንገት ይበዛል። የተመደበው ቢትሬት፣ ማለትም በሰከንድ የሚላከው የመረጃ መጠን፣ ካልበቃ ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይሰባበራል። በእጅ የተያዘ ካሜራም እንዲሁ ነው፤ ካሜራው ሲንቀጠቀጥ ግድግዳው ጭምር እንደተንቀሳቀሰ ይቆጠራል። ስለዚህ ጠንካራ የካሜራ መቆሚያ ለአቀራረብ ውበት ብቻ ሳይሆን ለኢንኮደሩም የሚገዛ ዕቃ ነው።

የትኛው ዓይነት ኢንኮደር ይመረጥ?

በገበያ ላይ የሚገኙት ኢንኮደሮች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው በስልክ ውስጥ ያለው ነው። ማንኛውም ዘመናዊ ስልክ ቪዲዮ የሚጨምቅ ቺፕ አለው፤ ለአጭር ዝግጅትም ይበቃል። ነገር ግን ስልኩ በረጅም ስርጭት ይግላል፤ በስርጭቱ መካከል ጥሪ ሊገባ ይችላል፤ የአዳራሹን የድምፅ ማጉያ በቀጥታ ማገናኘትም አስቸጋሪ ነው። በዩቲዩብ በኩል ከስልክ በቀጥታ ለማስተላለፍ ቻናሉ ቢያንስ 50 ተከታዮች እንዲኖሩት የሚጠይቅ ደንብም አለ።

ሁለተኛው ራሱን የቻለ የኢንኮደር መሣሪያ ነው። በአንድ በኩል ምስልን ከካሜራ የሚያመጣውን የኤችዲኤምአይ ወይም የኤስዲአይ ገመድ ይቀበላል፤ በሌላ በኩል በኔትወርክ ገመድ ወደ ራውተር ይገናኛል። ብላክማጂክ የሚያመርተው ኤቴም ሚኒ ፕሮ የካሜራ ማቀያየሪያና ኢንኮደርን በአንድ ላይ የያዘ በመሆኑ በየቤተ ክርስቲያኑና በየስቱዲዮው የተለመደ ሆኗል። እዚህ ላይ ገዢዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ልዩነት አለ፤ «ፕሮ» የሚለው ስም የሌለው የመጀመሪያው ኤቴም ሚኒ በራሱ አያስተላልፍም፤ ለኮምፒውተር እንደ ዌብካም ሆኖ ያገለግላል እንጂ። መሣሪያው ለአንድ ሥራ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ጸንቶ መሥራቱ ትልቅ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል በምስሉ ላይ ጽሑፍ መጨመርና ገጽታውን እንደልብ መለወጥ በኮምፒውተር የመሥራትን ያህል አይመችም።

ሦስተኛው በኮምፒውተር ላይ የሚጫን ሶፍትዌር ነው። ከእነዚህም መካከል ኦቢኤስ ስቱዲዮ በነፃ የሚገኝ፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ የሚሠራና ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። በእኔ እምነት አዲስ ጀማሪ ማኅበርም ሆነ ስቱዲዮ ከዚህ መጀመር አለበት፤ ገንዘቡን ለማይክሮፎንና ለገመድ ያውለዋል፣ ሥራውንም ከመሠረቱ ይማራል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በኦቢኤስ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ቁጥሮቹ ግን በየትኛውም መሣሪያ ላይ ያገለግላሉ።

አንደኛ ደረጃ፦ መስመሩን መለካት

የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ሲከፈት ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ። ለስርጭት የሚፈለገው መረጃ የሚገባበት የዳውንሎዱ ሳይሆን መረጃ የሚወጣበት የአፕሎዱ ነው። በብዙ መስመሮች ላይ አፕሎዱ ከዳውንሎዱ ያነሰ ስለሆነ፣ «ኢንተርኔታችን ፈጣን ነው» የሚለው የአዳራሹ ሠራተኛ ማረጋገጫ ብቻውን አይበቃም።

መለኪያው በዚያው አዳራሽ፣ ዝግጅቱ በሚካሄድበት የሳምንቱ ቀንና ሰዓት፣ ኮምፒውተሩ በዋይፋይ ሳይሆን በኔትወርክ ገመድ ተገናኝቶ ይደረግ። አንድ ጊዜ ለክቶ መተው አይገባም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግመው ይለኩና ከሁሉም ዝቅተኛውን ይያዙ። አማካዩን መውሰድ ያሳስታል፤ ስርጭቱ የሚቋረጠው መስመሩ ዝቅ ባለበት ደቂቃ ነውና። ከዚያ ዝቅተኛ ቁጥር ላይ 60 በመቶውን ብቻ ለስርጭት ይመድቡ። ለምሳሌ ዝቅተኛው 4.5 ሜጋ ቢት ከሆነ፣ ለምስልና ለድምፅ በድምሩ 2.7 ሜጋ ቢት አለዎት ማለት ነው። የተቀረው 40 በመቶ መስመሩ ለጊዜው ሲወርድ የሚያተርፍ መጠባበቂያ ነው።

የአዳራሹ ዋይፋይ ለእንግዶች ክፍት ከሆነ ልኬቱ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተደረገ መሆኑን አይርሱ። እንግዶች ገብተው ፎቶና ቪዲዮ መላክ ሲጀምሩ ያው አፕሎድ ይሻማል። የሚቻል ከሆነ ለስርጭቱ የተለየ መስመር ይጠይቁ፤ ካልሆነም ለዚያ ሰዓት የእንግዶቹ ዋይፋይ እንዲዘጋ ከአዳራሹ ኃላፊ ጋር ይስማሙ።

መስመሩ በሲም ካርድ የሚሠራ ከሆነ የፓኬጁ መጠን ይሰላ። በሰከንድ 2.63 ሜጋ ቢት የሚልክ ስርጭት በሰዓት 1.2 ጊጋ ባይት ገደማ ይወስዳል፤ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ዝግጅት ደግሞ 3.5 ጊጋ ባይት ያህል ይጨርሳል። ለሙከራው የሚሆነውንም ጨምሮ እጥፉን መግዛት ይመከራል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ቢትሬትንና የምስል መጠንን ማዛመድ

የተመደበው ቁጥር ከታወቀ በኋላ የምስሉ መጠን ራሱን ይመርጣል። ለምስሉ 2,500 ኪሎ ቢት (2.5 ሜጋ ቢት) ካለ 1280 በ720 በሰከንድ 25 ፍሬም ጥሩ ውጤት ይሰጣል። 5,000 ኪሎ ቢት ከተገኘ ወደ 1920 በ1080 መሄድ ይቻላል። ከ1,000 በታች ብቻ ከሆነ ግን 854 በ480 ላይ መቆየት ይሻላል፤ በዚህ መጠን 750 ኪሎ ቢት ለምስል፣ 96 ለድምፅ መስጠት ይቻላል።

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ2,500 ኪሎ ቢት 1080 መላክ ጥራትን ይጨምራል ብለው ያምናሉ። በእውነቱ ያው መረጃ ከእጥፍ በላይ ለሆነ ነጥብ ስለሚከፋፈል እያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው ያንሳል፤ የሰው ፊት ይደበዝዛል፤ እንቅስቃሴ ባለበት ሁሉ ምስሉ ይሰባበራል። ተመልካቹ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ እንደሚያይም ሊታሰብ ይገባል። ያልተቆራረጠ 720 ከሚቆራረጥ 1080 በእጅጉ ይበልጣል፤ ከአያቷ ቀብር ርቃ ጅዳ ላይ ሆና ለምትከታተል ልጅ የሚያስፈልጋት ጸሎቱን ያለ ማቋረጥ መስማትና የቤተሰቧን ፊት ማየት ነው።

ምስሉ የሚጨመቅበትን ዘዴ (ኮዴክን) በተመለከተ ኤች.264ን ይምረጡ። ይህ መስፈርት በ2003 የጸደቀ ሲሆን በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል። በ2013 የወጣው ኤች.265 እና በ2018 የወጣው ኤቪ1 በተመሳሳይ ጥራት ያነሰ ቢትሬት ይፈልጋሉ፤ ዩቲዩብም ይቀበላቸዋል። ይሁን እንጂ በቀጥታ ስርጭት ላይ እነርሱን ለማሠራት አቅም ያለው አዲስ መሣሪያ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ካለዎትና መስመርዎ ደካማ ከሆነ መሞከሩ ተገቢ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ካሜራና ገመድ

ካሜራው በኤችዲኤምአይ ሲያወጣ የባትሪና የሰዓት ምልክቶች በምስሉ ላይ እንዳይታዩ፣ በካሜራው ሜኑ ውስጥ ምልክት አልባ የኤችዲኤምአይ ምስልን ያብሩ። አንዳንድ ካሜራዎች ይህ አማራጭ የላቸውም፤ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይገባል። ካሜራው ለተወሰነ ጊዜ ካልተነካ በራሱ የሚጠፋበትንም ቅንብር ያጥፉ። ባትሪውን አውጥቶ በቀጥታ ከኤሌክትሪክ ማገናኘት ለረጅም ዝግጅት ግዴታ ነው።

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ካሜራው ለ50 ኸርዝ አገሮች በሚሆነው በ«ፓል» ተቀናብሮ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ የሹተር ፍጥነቱም (ለአንድ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ቢሆን የአዳራሹ መብራቶች በምስሉ ላይ አይርገበገቡም። አሜሪካ ውስጥ ለሚያስተላልፉ ደግሞ መስመሩ 60 ኸርዝ ስለሆነ 30 ፍሬምና 1/60 ሹተር ይሆናል። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ አዲስ አበባ ላይ ሲሠራ በምስሉ ላይ ጥላ የመሰሉ መስመሮች የሚንሸራተቱት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ብርሃን ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት ይገባል። ጨለማ ባለበት ቦታ ካሜራው የብርሃን ስሜቱን ከፍ ሲያደርግ ምስሉ በሚርመሰመሱ ጥቃቅን ነጥቦች ይሞላል። እነዚህ ነጥቦች በየፍሬሙ ስለሚለዋወጡ ኢንኮደሩ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጥራቸዋል፤ ለሰው ፊት የሚገባውን ቢትሬትም እነርሱ ይወስዱታል። ሁለት ተጨማሪ መብራቶች ወደ መድረኩ ማዞር ቢትሬትን የመጨመር ያህል ጥራት ያሻሽላል፤ አዳራሹ ራሱ መብራት ካለው ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ርዝመቱ ከ10 ሜትር ሲያልፍ አስተማማኝነቱ ይቀንሳል። ካሜራው ከኮምፒውተሩ ከራቀ የኤስዲአይ ገመድ ይጠቀሙ፤ ወይም ኮምፒውተሩን ወደ ካሜራው አቅርበው የኔትወርክ ገመዱን ያስረዝሙ። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ስለሚሄድ ሁለተኛው መንገድ ርካሽም ቀላልም ነው። የኤችዲኤምአዩን ምስል ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ካፕቸር ካርድ በዩኤስቢ 3 ወደብ ላይ ይሰካ።

አራተኛ ደረጃ፦ ኦቢኤስን ማቀናበር

ፕሮግራሙን ከራሱ ድረ ገጽ አውርደው ይጫኑ፤ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ቅጂ አይጠቀሙ። ከከፈቱት በኋላ በ«ሶርስስ» ሳጥን ውስጥ የመደመር ምልክቱን ተጭነው የቪዲዮ ካፕቸር መሣሪያን ይምረጡና ካፕቸር ካርድዎን ያስገቡ። ምስሉ ሲታይ ወደ «ሴቲንግስ» ይግቡ።

በ«ቪዲዮ» ክፍል ውስጥ መነሻውን የምስል መጠን ከካሜራው ጋር እኩል፣ የሚወጣውን ደግሞ በሁለተኛው ደረጃ ከመረጡት ጋር እኩል ያድርጉ። የፍሬሙ ብዛት 25 ይሁን። ካሜራው 25 እየላከ ኦቢኤስ 30 ላይ ከተተወ በየሰከንዱ አምስት ፍሬም ተደግሞ ይሞላል፤ ካሜራ ሲዞርም እንቅስቃሴው የሚንገጫገጭ ይሆናል።

በ«አውትፑት» ክፍል ውስጥ «አድቫንስድ» የሚለውን ይምረጡ። እዚህ ኢንኮደሩን ራሱን እንድትመርጡ ትጠየቃላችሁ። ኤክስ264 የሚባለው የኮምፒውተሩን ዋና ፕሮሰሰር ይጠቀማል። የኢንቪዲያ ካርድ ያለበት ኮምፒውተር ኤንቬንክ የሚባለውን፣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ደግሞ ኩዊክ ሲንክ የሚባለውን ያሳያል። እነዚህ ሁለቱ ለዚሁ ሥራ በቺፑ ላይ የተለየ ክፍል ስላላቸው ዋናውን ፕሮሰሰር አያደክሙም። ኩዊክ ሲንክ ከ2011፣ ኤንቬንክ ከ2012 ጀምሮ በተሠሩ ብዙ ማሽኖች ላይ ስለሚገኝ ያረጀ የሚመስል ላፕቶፕም ሊኖረው ይችላል። ምርጫው ካለ ለመካከለኛ ላፕቶፕ በቺፑ ላይ ያለውን እመክራለሁ። ጠንካራ ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ግን በዝቅተኛ ቢትሬት ላይ በኤክስ264 የተሻለ ምስል ያገኛል። ኤክስ264ን ከመረጡ ከዝርዝሩ ውስጥ «ቬሪ ፋስት» በሚለው ይጀምሩ፤ ፕሮሰሰሩ ከተረፈው ወደ «ፋስተር»፣ ከዚያም ወደ «ፋስት» ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ፍጥነቱ በቀነሰ መጠን ኢንኮደሩ ለእያንዳንዱ ፍሬም የሚያስብበት ጊዜ ያገኛል፤ በተመሳሳይ ቢትሬትም የተሻለ ምስል ያወጣል።

የቢትሬት ቁጥጥሩ «ሲቢአር» ይሁን። ይህ ማለት ኢንኮደሩ በየሰከንዱ ተመሳሳይ መጠን ይልካል፤ መስመሩም ድንገተኛ ጭነት አይገጥመውም። የቢትሬቱ ቁጥር በሁለተኛው ደረጃ የተመረጠው፣ ለምሳሌ ለ720 ምስል 2500፣ ይጻፍ። የኪፍሬም ርቀት 2 ሰከንድ ይሁን፤ በ25 ፍሬም ሲሰላ በየ50 ፍሬሙ አንድ ሙሉ ምስል ይላካል ማለት ነው። ዜሮ ላይ ከተተወ ፕሮግራሙ በራሱ ስለሚወስን ርቀቱ ሊረዝም ይችላል፤ ዩቲዩብ ደግሞ ከ4 ሰከንድ እንዳይበልጥ ይፈልጋል። ፕሮፋይሉ «ሃይ» ይሁን።

በ«አድቫንስድ» ክፍል ውስጥ መስመሩ ሲቋረጥ በራሱ እንደገና የሚያገናኘው አማራጭ መብራቱን ያረጋግጡ። እዚያው አጠገብ መስመሩ ሲጨናነቅ ቢትሬቱን በራሱ ዝቅ የሚያደርግ አማራጭ አለ። በሲም ካርድ ለሚያስተላልፉ ይህን ማብራት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ምስሉ ለጥቂት ጊዜ ይደበዝዛል እንጂ አይቆምም።

አምስተኛ ደረጃ፦ ድምፅ

ተመልካች የደበዘዘ ምስልን ይታገሣል፤ የሚቆራረጥ ወይም የሚጮህ ድምፅን ግን ሁለት ደቂቃ አይታገሥም። በካሜራው ላይ ያለው ማይክሮፎን የአዳራሹን ጫጫታ ከተናጋሪው ድምፅ እኩል ስለሚወስድ ሊታመን አይገባም። የአዳራሹን ድምፅ የሚቆጣጠረውን ባለሙያ አስቀድመው አነጋግረው ከሚክሰሩ አንድ ተጨማሪ መውጫ ይጠይቁና በድምፅ ማስገቢያ መሣሪያ በኩል ወደ ኮምፒውተሩ ያስገቡት። ከተቻለ አዳራሹ ውስጥ ካለው ድምፅ ተለይቶ የሚስተካከል መውጫ ቢሆን ይመረጣል፤ አለበለዚያ ባለሙያው ለአዳራሹ ብሎ ድምፁን ባነሳ ቁጥር የእርስዎም ስርጭት ይጮሃል።

ከሚክሰሩ ብቻ የተወሰደ ድምፅ ደግሞ ሌላ ጉድለት አለው። ማይክሮፎን ያልተደረገለት ነገር ሁሉ፣ እልልታው፣ የሕዝቡ ምላሽና ጭብጨባው ይጠፋል፤ ዝግጅቱም ሰው በሌለበት ክፍል የተካሄደ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ማይክሮፎን ወደ ሕዝቡ አዙረው በዝቅተኛ መጠን ይቀላቅሉ።

በኦቢኤስ የድምፅ መለኪያ ላይ ንግግር በቢጫው ክልል፣ ማለትም ከዜሮ በ20 ዴሲቤል ዝቅ ካለው እስከ በ9 ዴሲቤል ዝቅ ካለው ባለው ውስጥ ይመላለስ። ወደ ቀዩ አልፎ አልፎ ቢገባ ችግር የለውም፤ ዜሮን ሲነካ ግን ድምፁ ይሰነጠቃል። ከበሮ ያለበት ዝግጅት በተለይ ያስቸግራል፤ ንግግር ላይ ተመሥርቶ የተስተካከለ ድምፅ ከበሮው ሲመታ ከገደቡ ያልፋል። ለዚህም በድምፁ ላይ «ሊሚተር» የሚባለውን ማጣሪያ ይጨምሩና ገደቡን ከዜሮ በ6 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉት። የድምፁ ኮድ ኤኤሲ፣ ቢትሬቱ 128፣ ናሙናው 48 ኪሎ ኸርዝ ይሁን።

ምስሉ በካፕቸር ካርድ፣ ድምፁ በሌላ መንገድ ሲገባ አብረው ላይሄዱ ይችላሉ። አንድ ሰው ካሜራው ፊት ቆሞ እጁን እንዲያጨበጭብ ያድርጉና ቀርጸው ይመልከቱት። አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ይቀድማል። ልዩነቱን በ«አድቫንስድ ኦዲዮ» ውስጥ በሚሊ ሰከንድ ማስተካከል ይቻላል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በምስሉ ላይ የሚጻፍ የአማርኛ ጽሑፍ

የተናጋሪን ስምና ማዕረግ ከታች መጻፍ የተለመደ ነው። ለዚህም የዩኒኮድ ፊደል ያለው ፎንት ይምረጡ፤ በዊንዶውስ ላይ ኢብሪማ፣ በማክ ላይ ከፋ አብረው ይመጣሉ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም በነፃ ይገኛል። በአሮጌ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ጽሑፍ ተቀድቶ ሲለጠፍ ወደማይነበቡ ምልክቶች ስለሚለወጥ እንደገና መጻፍ አለበት።

ፊደላችን ከኢንኮደር ጋር ሲገናኝ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። «በ»ን ከ«ቡ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው አንዲት አጭር ጭረት ናት። ጽሑፉ ትንሽ ከሆነ ኢንኮደሩ የሚጥለው ረቂቅ ዝርዝር ያችው ጭረት ትሆንና ስም ተለውጦ ይነበባል። በ720 ምስል ላይ የጽሑፉ ቁመት ከ40 ነጥብ ባያንስ፣ ፎንቱም ወፍራም ቢሆን መልካም ነው። ቀይ ጽሑፍ በአረንጓዴ መደብ ላይ ማድረግ አይመከርም፤ ቀለሙ ከብርሃኑ ባነሰ ጥራት ስለሚቀመጥ የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። ነጭ ጽሑፍ በጠቆረ መደብ ላይ ሁልጊዜ ይነበባል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ማገናኘትና መቅዳት

በዩቲዩብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስተላልፍ ቻናል በስልክ ቁጥር ከተረጋገጠ በኋላ ፈቃዱ እስኪሠራ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ይህን በዝግጅቱ ዕለት ጠዋት ማወቅ ከባድ ስለሆነ ቀናት ቀድመው ይጨርሱት። ስርጭቱን በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ አስቀድመው ቀጠሮ ከያዙለት፣ ሊንኩን ለዘመዶች ከቀናት በፊት መላክ ይቻላል።

እዚያው የሚሰጠውን ስትሪም ኪይ ቀድተው በኦቢኤስ «ስትሪም» ክፍል ውስጥ ያስገቡ። ይህ ኪይ በእጁ የገባ ማንኛውም ሰው በእርስዎ ቻናል ማስተላለፍ ስለሚችል በቴሌግራም ግሩፕ አይላክ፤ የስክሪን ፎቶ ሲነሳም እንዳይታይ ጥንቃቄ ይደረግ። ስርጭቱ የሚዘገይበት መጠን «ኖርማል» ላይ ይሁን፤ ዩቲዩብ በቂ መጠባበቂያ ስለሚይዝ የመስመር መዋዠቅ ለተመልካቹ አይታየውም። ስርጭትን በራሱ የሚዘጋውን አማራጭ ያጥፉት። ካልጠፋ መስመሩ ለአጭር ጊዜ ሲቋረጥ ዝግጅቱ አለቀ ተብሎ ሊዘጋ፣ ለዘመድ የተላከው ሊንክም ሊሞት ይችላል።

ከስርጭቱ ጎን ለጎን በኮምፒውተሩ ላይ ይቅረጹ። ፎርማቱ ኤምኬቪ ይሁን። ተራ ኤምፒ4 ፋይል ሲያልቅ ተጽፎ መዘጋት ስላለበት መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ቢዘጋ እስከዚያ የተቀረጸው ሁሉ ላይከፈት ይችላል፤ ኤምኬቪ ግን እስከተቋረጠበት ሰከንድ ድረስ ይከፈታል።

መብራትን ካነሳን፣ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም ራውተሩ እንደሚጠፋ ብዙዎች ይዘነጉታል። ራውተሩን፣ ካሜራውንና የድምፅ መሣሪያውን መብራት ሲጠፋ በባትሪው ኃይል በሚሰጥ ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ። ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ኃይል ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን እንዳያዘገይ የኃይል ቅንብሩን በከፍተኛ አቅም ላይ ያድርጉት። ለመስመሩም መጠባበቂያ ይኑር፤ ዋናው በኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ሁለተኛውን በሳፋሪኮም ሲም ካርድ ማድረግ፣ አንዱ ጣቢያ ሲወርድ ሌላው የመሥራት ዕድል ስላለው ይመረጣል። ሁለት መስመሮችን ለየብቻ መሰካት ፍጥነታቸውን እንደማይደምር ግን ይወቁ፤ ለዚያ መስመሮችን የሚያጣምር የተለየ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ሙከራና ክትትል

ከዝግጅቱ በፊት ለማንም ባልተገለጸ ስርጭት ቢያንስ 30 ደቂቃ ይሞክሩ። አምስት ደቂቃ አይበቃም፤ የኮምፒውተር ሙቀትና የመስመር መዋዠቅ ጊዜ ይፈልጋሉ። በሙከራው ላይ ካሜራውን ያንቀሳቅሱ፣ ሰዎች ፊቱ እንዲመላለሱ ያድርጉ፤ ባዶ መድረክ ላይ የተደረገ ሙከራ ኢንኮደሩን አይፈትነውም።

በኦቢኤስ ውስጥ «ስታትስ» የሚለውን ሰሌዳ ከፍተው ይተዉት። እዚያ ሦስት ዓይነት የፍሬም መጥፋት ይቆጠራል፤ የእያንዳንዱ መድኃኒት የተለያየ ነው። በኔትወርክ ምክንያት የተጣሉ ፍሬሞች ከበዙ መስመሩ ቢትሬቱን አልቻለም፤ ስርጭቱን ለአፍታ አቁመው ከ2,500 ወደ 1,800 ያውርዱ። በኢንኮዲንግ መዘግየት የተዘለሉ ከበዙ ግን ኢንተርኔቱ ጥፋት የለበትም፤ ኮምፒውተሩ አልደረሰም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ኤክስ264ን ወደ ፈጣኑ ደረጃ ይመልሱ፣ ወይም በቺፑ ላይ ወዳለው ኢንኮደር ይቀይሩ። ሦስተኛው ምስሉን በማቀናበር የዘገዩት ናቸው፤ የግራፊክስ ካርዱ ተጨናንቋልና ክፍት የሆኑ ሌሎች ፕሮግራሞችን ይዝጉ። ሦስቱን ሳይለዩ «ኢንተርኔቱ ነው» ብሎ መደምደም ሥራውን ያበላሻል።

በዝግጅቱ ወቅት አንድ ሰው በሌላ ስልክ፣ በሌላ ኔትወርክ፣ በጆሮ ማዳመጫ ስርጭቱን ይከታተል። በኦቢኤስ መስኮት ላይ የሚታየው ገና ያልተላከው ምስል ስለሆነ ተመልካቹ ጋ የደረሰውን አያሳይም። ውጭ አገር ያለ አንድ ዘመድም በየጊዜው እንዲጽፍልዎ ቢጠይቁ ጥሩ ነው። በሠርግ ላይ የተቀዳ ዘፈን በድምፅ ማጉያ ሲከፈት ዩቲዩብ የባለመብቱን ሥራ ለይቶ ስርጭቱን ሊያቋርጥ እንደሚችልም ለባለጉዳዮቹ አስቀድመው ይንገሩ።

ከስርጭቱ በኋላ

የተቀረጸውን ኤምኬቪ በኦቢኤስ «ፋይል» ሜኑ ውስጥ ባለው «ሪማክስ» ወደ ኤምፒ4 ይለውጡት። ይህ እንደገና መጨመቅ ሳይሆን ያንኑ መረጃ በሌላ ፎርማት ማስቀመጥ ስለሆነ ጥራቱ አይነካም፤ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

ዘመዶች ፋይሉን በቴሌግራም ከፈለጉት፣ በነፃ አካውንት የአንድ ፋይል ገደብ 2 ጊጋ ባይት ነው፤ የሦስት ሰዓቱ ቅጂ ግን 3.5 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። ሀንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኤች.265ን መርጠው፣ የጥራት ቁጥሩን ከ22 እስከ 24 ባለው ውስጥ አድርገው እንደገና ይጭመቁት። ኢንኮደሩ አሁን በቀጥታ ስርጭት ጊዜ የነበረበት የጊዜ ገደብ ስለሌለበት «ስሎው» የሚለውን ፍጥነት መምረጥ ይቻላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራም ፋይሉ አንሶ ይወጣል። መጀመሪያ የአምስት ደቂቃ ክፍል ብቻ ጨምቀው መጠኑን በ36 ያባዙት፤ የሦስት ሰዓቱ ፋይል የት እንደሚደርስ ያሳይዎታል። ከገደቡ ካለፈ ሁለት ቦታ ከፍሎ መላክ ጥራትን ከመቀነስ ይሻላል። የመጀመሪያው ቅጂ ግን አይሰረዝ፤ አንድ ጊዜ የተጣለ ዝርዝር በምንም መሣሪያ ስለማይመለስ፣ ሁልጊዜ መጨመቅ ያለበት ከመጀመሪያው ቅጂ እንጂ ከተጨመቀው ላይ አይደለም።